እናቴን ሳስታምም

የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው እንደሚያውቀው በሞላሌ አገር ለማናቸውም ሕመም መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ወገብ ቢቈረጥም ብርድ ነው፤ ሽንት ቢያቃጥል ብርድ ነው፤ ሴት ከማኅፀኗ ፈሳሽ ቢታያትም ያው ብርድ ነው። እናቴም ባናዋን ተከናንባ ከምድጃው ዳር እየተቀመጠች ከ1 ዓመት በላይ «ብርድ መትቶኝ ነው» ስትል ኖረች። እኛም ልጆቿ አመንናት።

እኔ በዚያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ በአዲስ አበባ ከአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሁ ገና 2 ዓመቴ ነበር። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ታላቅ እኅቴ ስልክ ደወለችና «እማዬ ሌሊት ሌሊት ልብስ ታጥባለች» አለችኝ። ልብስ ማጠብ ደግሞ ምን ወሬ ይሆናል ብዬ ልስቅባት ነበር። «ሰው እንዳያይባት ነው፤ ደም ነው» ስትለኝ ግን ሳቁ ከአፌ ላይ ቀረ። የእናቴ የወር አበባ ከቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ይህን ታሪክ በጋዜጣ ማውጣት ይገባል ወይስ አይገባም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ጓደኞቼ መካከል እናቱ በገጠር የምትኖር ብዙ ነው። ከቤተ ሰቡ ፊደል የቈጠረው እርሱ ስለሆነም በሽታ የመጣ ዕለት ሐኪሙን መፈለጉንም፣ ወረቀቱን ማስፈረሙንም፣ ገንዘቡንም፣ የሐኪሙን ቃል በቤት ቋንቋ ማስረዳቱንም የሚሸከመው እርሱ ነው። እኔ ሳላውቅ የገባሁበትን ነገር ሌላው ዐውቆ ቢገባበት ይሻላል በማለት ለመጻፍ ቈረጥሁ።

እናቴ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜም የኢንፌክሽን ኪኒን ተሰጥቷት ተመልሳለች። ለምርመራ ልብሷን እንድታወልቅ የጠየቃት አልነበረም፤ እርሷም ብትጠየቅ ኖሮ እሺ ማለቷን እጠራጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ጸበል ገባች። በጸበሉ ላይ ምንም ቃል የለኝም፤ መጽናኛዋ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተለያትም። የጐዳን ጸበሉ ሳይሆን የተደበቀው ጊዜ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር መመርመር እንደሚገባው አንድ ሰው ነግሮን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምናልባት ሌላ መንገድ ይዞ ይሄድ ነበር።

ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው በመዘዞ በኩል አድርጎ ጣርማ በር ላይ ከዋናው የወሎ መንገድ ይገናኛል። ጤነኛ ሰው በአውቶቡስ ሲሄደው ጉምና ገደል እያየ የሚደሰትበት መንገድ ነው። ደም ለሚፈስሳት ሴት ግን እያንዳንዱ ጕድጓድ የሚቈጠር ነው። እኅቴ ከበታቿ ወፍራም ጨርቅ አንጥፋላት፣ እኔ ደግሞ ትከሻዋን ደግፌ ተጓዝን። በደብረ ብርሃን አንዲት ወጣት ሐኪም መረመረቻትና ከማኅፀኗ በር ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ እናቴን ከውጭ አስቀምጠው እኔን ብቻ ጠርተው ነገሩኝ። የማኅፀን በር ካንሰር ነበር፤ ወደ ጐንም ተስፋፍቷል።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ጥቂት ልናገር። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ በሚባል ተሐዋሲ ነው። ይህን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን በዓለም ላይ ካሉት ሴቶች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ከብዙዎቹ ገላ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ተደብቆ ይቀመጥና በ10 ወይም በ20 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እንግዲህ አንድ ባል ብቻ ያወቀች፣ በጾም በጸሎት የኖረች ሴትም ይይዛታል ማለት ነው። ይህን መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኛ አገር የሴት በሽታ ሲባል ሰው ጆሮውን ያቆምና ከሕመሙ ይልቅ ነውሩን ይፈልጋልና። በ2020 እ.ኤ.አ. የተደረገው ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያመለክተው በዚያ ዓመት በዓለም 604 ሺህ ያህል ሴቶች ሲታመሙ 342 ሺህ ያህሉ ሞተዋል፤ በኢትዮጵያ ከ7 ሺህ በላይ ታመው ከ5 ሺህ በላይ ሞተዋል። በአገራችን በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው።

ከሐኪሟ ክፍል ስወጣ እናቴ በአግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ቍስል ነው፤ በመድኃኒት ይድናል፤ አዲስ አበባ ሄደን እንታከማለን» አልኋት። እኅቴ መሬት መሬት አየች። በዚያች ደቂቃ የተናገርኋት ሐሰት 4 ወር ሙሉ ከኛ ጋራ አብራ ትበላ፣ አብራ ትተኛ ጀመር።

የጤና መድን መታወቂያዋን ከወረዳው ይዘን ነበርና የሪፈር ወረቀቱ በሥርዓት ስለተጻፈልን ከወጪው ብዙውን ከፈለልን። ወጣቶች ሆይ፣ እናታችሁ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የገባች እንደሆነ መዋጮው በየዓመቱ መታደሱን ጠይቁ፤ ወረቀቱም ደረጃውን ጠብቆ ከታች ወደ ላይ ካልሄደ መድኑ ወጪውን በሙሉ አይከፍልም። መድኑ የማይከፍለው ደግሞ ብዙ ነው፤ ማረፊያው፣ ምግቡ፣ ታክሲው፣ በሆስፒታሉ ውስጥ ጠፍቶ ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት። አባቴ መጀመሪያ 6 በጎች፣ ቀጥሎም 9 ሸጠ። የመንዝ በግ ጠጕሩ ወፍራም፣ ቁመቱ አጭር ነው፤ በገበያም ብዙ አያወጣም።

ለማረፊያ ነገር አንድ መልካም ሥራ ሳላነሣ አላልፍም። በ1996 ዓ.ም. በደም ካንሰር የሞተ ሕፃን ልጃቸውን ለማስታወስ ወላጆቹ ያቋቋሙት ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በአዲስ አበባ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ማረፊያ አለው። እኛ ይህን ያወቅነው በሆስፒታል አጠገብ አልጋ ተከራይተን ብዙ ገንዘብ ካወጣን በኋላ ነው።

በጥር ወር ነገሩ ተወሳሰበ። እናቴ ምግብ አስጠላት፤ ፊቷና እግሯ አበጠ፤ ቀን ቀን ታንቀላፋለች፤ ስቅታም ያዛትና ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቃትም። እኔ የደከመች መስሎኝ «ትተኛ» እያልሁ አላስነሣትም ነበር። ሽንቷ መቀነሱን ያስተዋለችው እኅቴ ናት። ሆስፒታል ወስደናት ደሟ ሲመረመር በጤነኛ ሴት ከ1 ብዙ የማይርቀው ክሬአቲኒን የሚባለው ነገር 9 ደርሷል። ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ አስረዳኝ። ከሁለቱ ኩላሊቶች ሽንት ወደ ፊኛ የሚያወርዱ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች በማኅፀን በር ግራና ቀኝ ያልፋሉ። ካንሰሩ ወደ ጐን ሲያድግ ቧንቧዎቹን ይጨፈልቃቸዋል፤ ሽንትም መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይወጥረዋል፤ ደምም ከቆሻሻው ሳይጠራ ይቀራል። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሴቶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ይኸው የኩላሊት መዘጋት ነው። ይህን ከመስማቴ በፊት ካንሰር ሰውን የሚገድለው በራሱ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በጀርባዋ በኩል ቆዳዋን በስተው እስከ ኩላሊቷ የሚደርስ ቱቦ አስገቡላት፤ ሽንቱም በጐኗ ወደ ተንጠለጠለ ከረጢት ይፈስስ ጀመር። በ3 ቀን ውስጥ ዓይኗ ተገለጠ። ምግብም ጠየቀች። ያን ዕለት የሆስፒታሉን ግቢ ሦስት ጊዜ ዞርሁት።

ቱቦው ሕይወቷን ያተረፈውን ያህል አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገብ በታች መዋል አለበት፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። የገባበት ቀዳዳ ሳይርስ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈናል። የወረደው ሽንት በየቀኑ ተለክቶ ይጻፋል። ብርድ ብርድ ብሏት ከተንቀጠቀጠች ወይም ሽንቱ በድንገት ከቆመ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ በዚያ ቱቦ የገባ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደምን ይመርዛልና። ቱቦው ራሱም በ3 ወር ገደማ መለወጥ ይፈልጋል። እኔ በመሥሪያ ቤቴ የደብዳቤ መዝገብ የምይዝ ነኝና የሽንቱንም መዝገብ በቀንና በሰዓት ከፋፍዬ ያዝሁ። ሐኪሙ ደብተሬን ባየ ጊዜ «ይህን ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከተመሰገንሁባቸው ጽሑፎች ሁሉ የምኮራበት እርሱ ነው።

አንድ ነገር ግን መጻፍና መለካት የማይችለው ነበር። በሽታው ፈሳሽ ያመጣል፤ ፈሳሹም ይሸታል። እናቴ ከዚህ የተነሣ ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፤ ልታጠብላት ብትሞትም አትፈቅድም። ስለዚህ እኅቴ 4 ልጆቿንና ባሏን በሞላሌ ትታ አብራን ተቀመጠች። በየአስታማሚው ቤት እንዲህ ነው፤ ወረቀቱን ተሸክሞ ከሐኪም ጋራ የሚነጋገረው ወንዱ ይመሰገናል፤ ጨርቁን የምታጥበው ግን አትነሣም። ሽታውን ያስቆመችልን አንዲት ነርስ ናት፤ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የታወቀ ኪኒን እንዴት እንደምንጠቀምበት ለእኅቴ አሳየቻት። ርካሽ መድኃኒት ነው። በ4 ቀን ውስጥ ሽታው ቀነሰ፤ እናቴም ፊቷን ወደ ሰው መለሰች።

ጨረሩ በየካቲት መጀመሪያ ተጀመረ። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን መሣሪያው በኮባልት የሚሠራ ነበር። ኮባልት በየ5 ዓመቱ ገደማ ኀይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው ባረጀ ቍጥር አንዱን በሽተኛ ለማከም ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ለብዙ ዓመታት ከ80 ሚሊዮንና ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ጨረር የሚሰጠው ይህ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ መሣሪያዎች ገብተው በጅማና በሐረርም አገልግሎቱ ተከፍቷል። እናቴ በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው 25 ጊዜ ገባች። ከጨረሩ ጋራ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ኩላሊትን ስለሚጐዳ ለእርሷ አልተሰጣትም። ደሟ አንሶ ስለነበረም ሁለት ጓደኞቼና እኔ ደም ሰጠን፤ ደም ባነሰው ገላ ላይ ጨረሩ እንደሚገባው አይሠራም ብለውናልና።

በዚህ መካከል የካቲት 13 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም ሽራ አታውቅም። ሐኪሙ እንቍላልና ወተት አዘዘላት፤ እርሷ ግን የገብስ አጥሚት ብቻ እየጠጣች ከሰውነቷ ወረደች። እኔ በመማሬ ተመክቼ ስለ ምግብ ጥቅም አንድ ሰዓት ያህል ሰበክኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተ ጥሩ ሐኪም ትሆን ነበር» አለችኝ፤ አጥሚቷንም ጠጣች። በመጨረሻ እኅቴ ለንስሐ አባቷ ወደ ሞላሌ ስልክ ደወለች። አባም «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ እኔ ፈትቼሻለሁ፤ እምቢ ካልሽ ግን ንስሐው በኔ ላይ ነው» አሏት። በማግሥቱ ወተት ጠጣች።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ጠባይ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙን ተማሪ ሳለሁ አንብቤያለሁ። የኔ እናት ግን ስትናገር ወርቁን ለማግኘት ያን ሁሉ ትምህርት ተምሬ አልቻልሁም። በመጋቢት ወር አንድ ማታ «የበረቱ በር ሳይዘጋ አድሯል፤ በጎቹን ቍጠሩልኝ» አለችኝ። እኔ ስለተሸጡት በጎች ያዘነች መስሎኝ «አባዬ ሌላ ይገዛል» አልኋት። እኅቴ ከወዲያ በኩል ማልቀስ ጀመረች። እናቴም «አየህ፣ እርሷ ገብቷታል» አለች።

ከዚያ በኋላ የነገረችን ይህ ነው። የበሽታውን ስም ያወቀችው በታኅሣሥ ወር ነበር፤ ከጐኗ የተኛችው የወሎ ሴት በግልጥ ነግራታለች። እኛ እንዳንደነግጥ ብላ እንዳላወቀች ሆና ቈየች። እኛም እርሷ እንዳትደነግጥ ብለን እንደዚያው ሆንን። ለካ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች አንዱን ምሥጢር እርስ በርሳችን ስንደባበቅ ከርመናል። «ብትነግሩኝ ኖሮ ቤቴ እገባ ነበር» አለችኝ። «እታለምን ሳላያት ብሞትስ?»

እታለም የምትላት ታላቅ እኅቷን ነው። በአንድ የገብስ ማሳ ወሰን ተጣልተው 7 ዓመት አልተነጋገሩም። እኔ ሐሰቱን የተናገርሁት ተስፋዋን ለማቆየት ነበር፤ የወሰድሁባት ግን ለዕርቅ፣ ለቍርባን፣ ላላት ጥቂት ነገር ኑዛዜ የምታውለውን 4 ወር ነው። በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ዛሬ በሽተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል ይላሉ። እኛ አንድ ቀን እንኳ «ምን እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ?» ብለን አልጠየቅናትም።

ለትንሣኤ ሞላሌ ገባን። ሽማግሌ ተልኮ እታለም መጣች። ከደጃፍ ቆማ «ደኅና ነሽ ወይ?» አለች፤ እናቴም «ብርድ ነው» ስትላት ሁለቱም ሳቁና አለቀሱ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እታለም ከእናቴ አጠገብ ሳትተኛ ያደረችበት ቀን ጥቂት ነው።

ጨረሩ ደሙን አቁሞላት ነበር። በግንቦት ግን ሕመሙ ወደ ወገብና ወደ እግር ወረደ። የሚጠጣ ሞርፊን ታዘዘላት፤ ይህንንም ከደብረ ብርሃን እየተመላለስሁ አመጣሁ። የዓመት ፈቃዴ 20 ቀን ቀደም ብሎ ስላለቀ ቅዳሜና እሑድን በመንገድ ላይ አሳልፍ ነበር። ዘመዶች ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ሞትንም ያፋጥናል ብለው ተቃወሙ። ለካንሰር ሕመም በልክና በሰዓቱ ሲሰጥ አንዱንም አያደርግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ሕመም እንዲሰጥ ይመክራል። ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሆድን ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ይህን የመሰለውን ሕመም በየበሽተኛው ቤት እየዞረ ያስታምማል። በሞላሌ ይህን የሠራነው እኅቴ፣ እታለምና የስልኬ ደወል ነን፤ ከአዲስ አበባ ሆኜ በየ4 ሰዓቱ እደውል ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት። ያን ጊዜ ብርዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም ዐውቀናል። መኪና ፈልገን ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል እንውሰድሽ ስንላት እምቢ አለች። አሁን ግን ሁሉን ነግረናት፣ ሁሉን ዐውቃ የተናገረችው ቃል ስለነበር አልተከራከርናትም። በሦስተኛው ቀን ሲነጋጋ፣ እታለም እጇን ይዛት ሳለ፣ ዐረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ከደብረ ብርሃኗ ሐኪም የሰማሁትን ለእኅቴ ነገርኋት። የማኅፀን በር ካንሰር ከመሆኑ በፊት ባለው የ10 ዓመት መንገድ ላይ ሊያዝ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች በጤና ጣቢያ ሊመረመሩ ይችላሉ፤ ነርሷ የማኅፀኑን በር በኮምጣጤ አሲድ ትቀባና ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ የታመመ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያንኑም በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ ታቃጥለዋለች። ክትባቱም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴቶች ልጆች ተጀምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ተሰጥቷል። የእኅቴ ትልቋ ልጅ በትምህርት ቤቷ ተከትባለች፤ እኅቴ ግን ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ነበር የፈረመችላት።

እኅቴ 41 ዓመቷ ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ አብሬያት ሄድሁ። እኔ ከውጭ በአግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ነርሷ ነጭ ምልክት አገኘችባትና እዚያው አከመቻት፤ ሁሉም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኅቴ ወጥታ ነጠላዋን እያስተካከለች ከበሩ ላይ ዞር አለችና ነርሷን «በቃ? ሌላ ወረቀት የለም?» ብላ ጠየቀቻት።

«በቃ» አለቻት። «በዓመትሽ ተመለሺ።»

እኔም ከአግዳሚው ሳልነሣ «ምን አሉ?» አልኋት። ሁሉንም፣ ስሙን ሳትደብቅ፣ በመንገድ ላይ እየሄድን ነገረችኝ።